በሠረገላው ላይ የተከፈተው መጽሐፍ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ወደ ኢየሩሳሌም ለመስገድ ስለ መጣ ኢትዮጵያዊ ሐዲስ ኪዳን የሚነግረው ታሪክ አንድ ነው፤ እርሱም የሚጀምረው ሰውየው ስግደቱን ፈጽሞ ወደ አገሩ ሲመለስ ነው። የንግሥት ህንደኬ ጃንደረባ፣ በገንዘቧም ሁሉ ላይ የተሾመ ሹም ነበር። ስሙን ቅዱስ ሉቃስ አልጻፈውም፤ የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ግን ባኮስ ብሎ ይጠራዋል። በኢየሩሳሌም ስንት ቀን እንደ ሰነበተ፣ በማን ቤት እንዳደረ፣ ምን እንዳየና ምን ይዞ እንደ ተመለሰ አልተጻፈም። የተጻፈለት ወደ ጋዛ በሚወስደው የምድረ በዳ መንገድ ላይ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ሲያነብ መገኘቱ ነው (ሐዋ. 8፥26-40)።

የዛሬው ተሳላሚ ወደዚህች ቅድስት ከተማ የሚመጣው ብዙ ዓመት ተመኝቶ፣ ከዕለት ጉርሱ ቀንሶ ገንዘብ አጠራቅሞ ነው። ከአዲስ አበባም ይነሣ ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓም ይነሣ ከዐረብ አገር፣ የጉዞው ቀናት ጥቂት፣ የሚያያቸው ቅዱሳት መካናት ደግሞ ብዙ ናቸው። ጠዋት ቤተልሔም፣ ከሰዓት በኋላ ዮርዳኖስ፣ በማግሥቱ ገዳመ ቆሮንቶስ፣ ከዚያ ጌቴሴማኒ፣ ከዚያ ጎልጎታ እያለ አውቶቡሱ ሳይቆም ቀኑ ያልቃል። ሲመለስም በሻንጣው ውስጥ በጠርሙስ የተቀዳ የዮርዳኖስ ውሃ፣ ከጌታችን መቃብር የተለኮሰ የ33 ጧፍ እስር፣ ለጎረቤትና ለዘመድ የሚታደል መስቀልና የተባረከ ዘይት ይገኛል። ይህን ሁሉ ማንም ሊንቀው አይገባም፤ በረከት ነው፤ አገር ቤት የቀሩት እናትና አባት በእንባ የሚቀበሉት ስጦታ ነው። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ሻንጣ መካከል አንድ መጽሐፍ ተከፍቶ ይገኛልን? ከዚህ የሚመለሰው ምእመን በአውሮፕላኑ ወንበር ላይ፣ ከዚያም በቤቱ፣ ከዚያም በሚቀጥለው ዓመት ምን ያነብባል? ጸሎቱስ ወደዚህ ከመምጣቱ በፊት ከነበረው ይለያልን?

ጃንደረባው የተማረረ ሰው ሆኖ ሊመለስ በቻለ ነበር። በኦሪት ሕግ ጃንደረባ የሆነ ሰው ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ እንዳይገባ ተከልክሏል (ዘዳ. 23፥1)። ያን ሁሉ አገር አቋርጦ የመጣው ሹም ሕጉ በደጅ የሚያቆመው ሰው ነበር። ለዚህ ሰው የኢየሩሳሌም ጉዞ በደጅ ቆሞ መመለስ ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር። እርሱ ግን በመንገዱ ላይ መጽሐፉን ከፈተ። መጽሐፍ በእጅ ተጽፎ በሚባዛበት በዚያ ዘመን የነቢዩን ጥቅልል ይዞ መጓዝ ለማንም የሚቻል አልነበረም፤ ከዚህች ከተማ ሲወጣ ይዞት የተገኘው ሀብት ይህ ነው።

የሚያነበውንም አላስተዋለውም። ይህን እርሱ ራሱ መስክሯል፤ ቅዱስ ፊልጶስ የምታነበውን ታስተውላለህን ብሎ በጠየቀው ጊዜ የሚመራው ሳይኖር እንዴት እንደሚቻለው መልሶ ጠየቀ። በዚህ ቦታ ብዙ ምእመናን ሊያቆሙና ሊያስቡ ይገባቸዋል። «መጽሐፍ ቅዱስ ከብዶኛል፤ ግእዙ አይገባኝም፤ ትርጓሜውን አላውቅም፤ ስለዚህ ለካህናቱ ትቼዋለሁ» የሚል ድምፅ በብዙ ቤት ይሰማል። ጃንደረባው እስኪገባው ድረስ ንባቡን አላቆየም። አልገባኝም ብሎም ጥቅልሉን አልጠቀለለም። ንባቡ ገብቶት ቢሆን ኖሮ መምህር ባላስፈለገው ነበር፤ መጽሐፉን ዘግቶት ቢሆን ኖሮ ደግሞ መምህሩ በምን ሊጀምርለት ይችል ነበር?

ከዚህ በተቃራኒ የሚገኝ ሌላ ስሕተት አለ፤ እርሱም ለአርባ ዓመት ዳዊት ደግሞ አንድ ቀን እንኳ አለመጠየቅ ነው። ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ጣት ገጹን ይገልጣል፤ ልብ ግን በገበያው ወይም በልጆቹ ጉዳይ ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው መንቀፍ ቀላል ነው፤ ሆኖም እርሱ ከማያነበው ይሻላል፤ ቢያንስ መጽሐፉ በእጁ ነውና። የጎደለው የጃንደረባው ትሕትና ነው። የአንዲት መንግሥት ገንዘብ በእጁ ያለ፣ ሠረገላ ያለው፣ አጃቢ ያለው ሹም በእግሩ እየሮጠ የደረሰበትን አንድ መንገደኛ «ወጥተህ ከእኔ ጋር ተቀመጥ» ብሎ ለመነው። ከመንፈሳዊ አባቱ ፊት ተንበርክኮ ኃጢአቱን የሚናገር ምእመን፣ እዚያው ቦታ ላይ «አባቴ፣ ይህ የመዝሙር ቃል ምን ማለት ነው?» ብሎ ለመጠየቅ የሚያፍርበት ምክንያት ምንድር ነው?

ግእዙ ለማይገባውም መንገዱ ከተጠረገለት ቆይቷል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አቡ ሩሚ ተብሎ የሚታወቅ፣ አስቀድሞ ኢየሩሳሌምን የተሳለመ የጎጃም ሰው በግብፅ በካይሮ ከተማ ተቀምጦ 10 ዓመታት ያህል ደክሞ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ ተረጐመ። ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ብዙ ሳይቆይ በወረርሽኝ ሞተ፤ የድካሙን ፍሬ ታትሞ አላየውም። ሙሉው መጽሐፍ የታተመው በ1840 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ስለዚህ አማርኛ የሚያነብ ተሳላሚ ሁሉ ከእርሱ በፊት በዚህች ከተማ ድንጋይ ላይ የተመላለሰ የአንድ ተሳላሚ ባለ ዕዳ ነው።

ወደ ጋዛው መንገድ እንመለስና፣ ቅዱስ ፊልጶስ ሹሙ የኢሳይያስን መጽሐፍ እንደሚያነብ እንዴት አወቀ? ሰምቶት ነው። ጃንደረባው ድምፁን አውጥቶ ያነብ ነበር። በልቡ ብቻ ቢያነብ ኖሮ ሠረገላው ከቅዱስ ፊልጶስ አጠገብ አልፎ በሄደ ነበር። ድምፅ አውጥቶ መጸለይና ማንበብ በአባቶች ዘንድ የተለመደው ስለዚህ ነው፤ ሰው ራሱ የሚናገረውን ራሱ ይሰማል፤ በአጠገቡ ያለ ሌላ ሰውም ይሰማል፤ ከሰሚዎቹም ማን እንደሚሮጥ አስቀድሞ አይታወቅም።

ለዚህ ነገር ታሪክ ያቈየው መልካም ምስክር አለ። በ1500ዎቹ መጀመሪያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በሮም ከተማ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች በአገራቸው ሥርዓት ሲዘምሩና ሲጸልዩ ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ከተማ ካህን በአጋጣሚ ሰማቸው። ቋንቋውን አያውቀውም። ነገር ግን በዜማው መካከል የእመቤታችንን ስም፣ የሐዋርያትንና የቅዱሳንን ስም ለየ። ነገሩ ልቡን ነክቶት ቋንቋውን ሊማር ፈለገ፤ ከኢየሩሳሌም ወደዚያ የመጡት መነኩሴ አባ ቶማስ ወልደ ሳሙኤልም ግእዝን አስተማሩት። በ1513 በሮም መዝሙረ ዳዊት በግእዝ ታተመ፤ በግእዝ ቋንቋ በማተሚያ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ እርሱ ነው። ፖትከን ቋንቋውን «ከለዳዊ» ብሎ መጥራቱ ፈገግ ያሰኛል፤ ቋንቋውን የሚጠራበትን ስም ቢስትም መጽሐፉን አልሳተም። እነዚያ ተሳላሚዎች መጽሐፍ ሊያሳትሙ ወይም ለአገራቸው ስም ሊያተርፉ አላሰቡም። የወትሮውን ጸሎታቸውን በባዕድ አገር ሳያፍሩና ሳያስታጉሉ አደረሱ። ዛሬ በባዕድ ከተማ የሚኖር ክርስቲያን በማዕድ ፊት ማማተብን እንኳ ሲያፍር፣ ልጆቹም የአባታቸውን የጸሎት ድምፅ ሳይሰሙ ሲያድጉ፣ ይህን ታሪክ ማስታወስ ሳይጠቅም አይቀርም።

በአማርኛ «ዳዊት አነበበ» አይባልም፤ «ዳዊት ደገመ» ይባላል። ውዳሴ ማርያምም አይነበብም፤ «ይደርሳል»። ይህ የአነጋገር ልማድ ብቻ አይደለም። ለአባቶች መጽሐፉና ጸሎቱ ሁለት ነገሮች አልነበሩም፤ ዳዊት የሚደግም ሰው በአንድ አፍ መጽሐፍ ያነብባል፣ በዚያው አፍ ይጸልያል። የቆሎ ተማሪ ከፊደል ቀጥሎ ንባብ፣ ከዚያ ዳዊትን የሚማረው ስለዚህ ነው፤ ማንበብን የተማረበት መጽሐፍ ዕድሜውን ሙሉ የሚጸልይበት መጽሐፍ ይሆንለታል። ከቤተ ክርስቲያን የዘወትር ጸሎቶችም ብዙዎቹ ከመጽሐፍ የተቀዱ ናቸው። «አባታችን ሆይ» የሚል ሰው የማቴዎስን ወንጌል 6ኛ ምዕራፍ ይጸልያል። በሰላምታ እመቤታችንን የሚያመሰግን ሰው የሉቃስን ወንጌል 1ኛ ምዕራፍ በአፉ ይዟል። «ቅዱስ፣ ቅዱስ፣ ቅዱስ» የሚለው ምስጋና ነቢዩ ኢሳይያስ ከሱራፌል የሰማው ነው። መጽሐፍ አላነብብም የሚል ጸሎተኛ ሳያውቀው በየቀኑ ያነብባል፤ ከየት እንደሚያነብ ቢያውቅ ደግሞ ጸሎቱ እንዴት በበረታ!

ተሳላሚው ወደ ገዳመ ቆሮንቶስ ወጥቶ ከኢያሪኮ በላይ ባለው ገደል ፊት ሲቆም ይህን ሊያስብ ይችላል። ጌታችን 40 ቀንና 40 ሌሊት ጾሞ በተራበ ጊዜ ለፈታኙ የመለሰው 3 ጊዜ ነው፤ 3ቱም መልሶች ከአንድ መጽሐፍ፣ ከኦሪት ዘዳግም የተወሰዱ ናቸው (ማቴ. 4፥1-11)። በዚያ በረሃ የብራና ጥቅልል አልነበረም፤ ቃሉ በልብ ነበረ። ግን ደግሞ ሌላ የሚያስፈራ ነገር በዚያው ስፍራ ተፈጽሟል፤ ዲያብሎስም ዳዊትን ጠቀሰ። ከመዝሙር 90 ስለ መላእክት ጥበቃ የተነገረውን አውጥቶ ጌታችንን ሊፈትንበት ሞከረ። ጥቅሱ ትክክል ነበር፤ አፉ ግን የጸሎት አፍ አልነበረም። ምዕራፍና ቁጥር እየጠሩ ወንድምን ማሸነፍ፣ በክርክር መርታት፣ በማኅበራዊ መገናኛ ሌላውን ማሳፈር መጽሐፍን ማወቅ መስሎ የሚታያቸው ሰዎች ይህን ስፍራ ደጋግመው ቢሳለሙት ይጠቅማቸዋል። ሳይጸልዩ መጽሐፍን መያዝ ሰይፍን በስለቱ በኩል እንደ መያዝ ነው።

በጎልጎታም እንዲሁ። በዴር ሱልጣን ጣሪያ ላይ ካለው ገዳም በቅዱስ ሚካኤልና በአርባዕቱ እንስሳ አብያተ ክርስቲያናት በኩል ወርዶ ወደ ትንሣኤው ቤተ ክርስቲያን የሚገባ ተሳላሚ ጥቂት እርምጃ ሄዶ ወደ ጎልጎታ ይወጣል። በዚያ ስፍራ ጌታችን በመስቀል ላይ ሳለ ወደ አባቱ የጮኸበት ቃል የመዝሙር 21 መጀመሪያ ነው፤ ነፍሱን የሰጠበትም ጸሎት በመዝሙር 30 የሚገኝ ነው። የሰው ልጆች ሁሉ ጌታ በጭንቁ ሰዓት ሕፃን ሳለ የተማረውን መዝሙር ጸለየ። ብዙ ተሳላሚዎች በዚያ ድንጋይ ላይ ግንባራቸውን ደፍተው ያለቅሳሉ፤ እንባው መልካም ነው። ዳዊቱን ከቦርሳው አውጥቶ፣ ወረፋው ቢገፋው እንኳ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ መዝሙር 21ን እስከ መጨረሻው የሚደግም ሰው ግን በዚያ ስፍራ ላይ የተጸለየውን ጸሎት በዚያው ስፍራ ይጸልያል። መዝሙሩ በለቅሶ ጀምሮ በምስጋና እንደሚያልቅም ያገኘዋል።

ስለ ምእመናን ይህን ያህል ከተባለ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን አገልግሎትም ዝም ማለት አይገባም። በቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ ከቅዱስ ጳውሎስ መልእክታት፣ ንፍቁ ዲያቆን ከሰባቱ መልእክታት፣ ንፍቁ ካህን ከግብረ ሐዋርያት ያነብባሉ፤ ቀጥሎ የዳዊት ምስባክ በዜማ ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ ወንጌል ይነበባል። ግጻዌ የተባለው መጽሐፍ ለእያንዳንዱ ዕለት የሚገባውን ንባብ ለይቶ አስቀምጧል። ይህ የአባቶች ድካም ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ቅዳሴ ያስቀደሰ ምእመን የሐዲስ ኪዳንን ብዙ ክፍል በጆሮው ይሰማ ነበር። ይሰማ ነበር የተባለው ብዙው ሕዝብ ወንጌል ከተነበበ በኋላ ስለሚደርስ ነው። ካህኑ ባዶ ወንበርና ጥቂት እናቶችን ፊት ለፊት እያየ ያነብባል፤ ንባቡንም በችኮላ ይጨርሰዋል፤ ቀስ ብሎ ቢያነብ ማን ይሰማዋል? ሕዝቡም ንባቡ ስለሚቸኩልበትና ስለማይገባው ይዘገያል። እንዲህ እየተጠባበቁ አንዱ ሌላውን ያደክመዋል። ከሁለቱ ወገን አንዱ አስቀድሞ ሊታረም ይገባዋል፤ ካህኑ ቢጀምር ይበልጥ ያምራል።

ስብከትም አለ። ቅዱስ ፊልጶስ በሠረገላው ላይ ወጥቶ ማስተማር የጀመረው ጃንደረባው ከሚያነበው ከዚያው ክፍል ነው። በግ ሆኖ ወደ መታረድ ስለ ተነዳው ስለዚያ ሰው ሹሙ ጠይቆ ነበርና፣ መልሱ ከዚያው ተነሥቶ ወደ ክርስቶስ ደረሰ። የዕለቱ ወንጌል ተነብቦ ሲያበቃ ሰባኪው ከወንጌሉ ጋር የማይገናኝ ቀልድ፣ ከዓለም ዜና የተቃረመ ወሬ ወይም የሌላ አጥቢያ ነቀፌታ ይዞ ሲጀምር፣ በአዳራሹ ውስጥ ብዙ ሠረገሎች ሳይቆሙ ያልፋሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወስ አለበት። ቅዱስ ፊልጶስ ከሰባቱ ዲያቆናት አንዱ ነው። ሰባቱም የተመረጡት በዚችው በኢየሩሳሌም ነው፤ በመበለቶች የዕለት ማዕድ ምክንያት ማጉረምረም በተነሣ ጊዜ፣ ሐዋርያት ለጸሎትና ለቃሉ አገልግሎት መትጋት እንዲችሉ ማዕዱን ለሌሎች አሳልፈው ሰጡ (ሐዋ. 6፥1-6)። ማዕዱ የተናቀ ሥራ አልነበረም፤ እጅ ተጭኖበት የተሰጠ ሥራ ነው። ሆኖም በውጭ አገር ያሉ አጥቢያዎች ዛሬ ጭንቀታቸው የቤት ኪራይ፣ የመኪና ማቆሚያ፣ የሕንፃ ኮሚቴና የምርጫ ክርክር ሆኖ፣ ጸሎትና ቃሉ በተረፈ ሰዓት የሚደረጉ ሲሆኑ፣ ነገሩ ተገልብጧል ማለት ነው። ሐዋርያት ችግሩን የፈቱት መበለቶቹን ችላ በማለት ሳይሆን ለጸሎቱ ቦታውን በማስጠበቅ ነው። ከማዕድ አገልጋዮቹም አንዱ በምድረ በዳ ሠረገላ ሲያይ ለመሮጥና መጽሐፍ ለመተርጐም የተዘጋጀ ነበር። በማዕድ ቤት የሚያገለግሉ እናቶችና በኮሚቴ የሚደክሙ ወንድሞች ዳዊታቸውን ከእጃቸው እንዳይጥሉ ይህ ይበቃቸዋል።

ጊዜ የለኝም የሚል ሰው እውነቱን ሊሆን ይችላል። በዚህ አገር እሑድ የሥራ ቀን ነው። በሰው ቤት አረጋዊ የምትንከባከብ እኅት ሌሊቱንም ትጠራለች፤ በሆቴል ማእድ ቤት ዕቃ የሚያጥብ ወንድም በቅዳሴ ሰዓት ቆሞ ይሠራል። ለእንደነዚህ ያሉት ቤተ ክርስቲያን ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት የሰጠችው ሸክም ልትጨምርባቸው አይደለም። የኢትዮጵያ ሰዓት ቆጠራ ከወንጌሉ ቆጠራ ጋር አንድ ነው፤ 6 ሰዓት ሲሆን ጨለማ በምድር ላይ የሆነበት ሰዓት ነው፤ 9 ሰዓት ሲሆን ጌታችን ነፍሱን የሰጠበት ሰዓት ነው። ይህን የሚያውቅ ሠራተኛ ሰዓቱን ባየ ቁጥር ወንጌሉን ሊያስብ ይችላል። መዝሙር 116 ሁለት ቁጥር ብቻ ነው፤ አንድ ሳህን እስኪታጠብ ድረስ ይደገማል። ነቢዩ ዳንኤልም በባዕድ ንጉሥ ቤት የሚሠራ ምርኮኛ ነበር፤ ሥራውም ብዙ ነበር፤ ሆኖም በቀን 3 ጊዜ በኢየሩሳሌም ትይዩ የተከፈተውን መስኮት እየተመለከተ ይጸልይ ነበር (ዳን. 6፥10)። እርሱ ወደ ኢየሩሳሌም ለመመለስ አልታደለም። ዛሬ እዚህ የቆመ ተሳላሚ ዳንኤል ከሩቅ ሆኖ ፊቱን ወዳዞረባት ከተማ በእግሩ ገብቷል።

መጽሐፍ በእጅ ብቻ ሳይሆን በልብ መያዝ የሚያስፈልግበትንም ምክንያት የዚህ ገዳም ጣሪያ ያውቀዋል። በ1838 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኢየሩሳሌም በተነሣ ወረርሽኝ የዴር ሱልጣን መነኮሳት አለቁ፤ ከዚያም በኋላ ከዘመናት የተጠራቀሙት የብራና መጻሕፍታቸው በእሳት እንደ ተቃጠሉ ታሪክ ይናገራል። አባቶች ሞቱ፤ መጻሕፍቱ አመድ ሆኑ። በኋላ ወደዚያ ጣሪያ የመጡት መነኮሳት ግን ጸሎቱን ከእንደገና ለመጀመር የተቃጠለውን መጽሐፍ አልጠበቁም፤ ዳዊቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ በቃላቸው ነበርና። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በዚያ ጣሪያ በሌሊት የሚሰማው መዝሙር አንድ ነው።

ቤቱ ሲደርስ ተሳላሚው ጧፉን ለጎረቤት ያድላል፤ ውሃውን ለሕሙማን ይሰጣል፤ ሥዕሉን በግድግዳ ይሰቅላል። ዳዊቱን ግን ከማኅደሩ አውጥቶ በሚታይ ቦታ፣ ልጆች በሚያዩት ስፍራ ቢያስቀምጠው፣ በማግሥቱም ጠዋት ከሥራ በፊት ድምፁን አውጥቶ የዕለቱን ቢጀምር፣ ከልጆቹ አንዱ ከበሩ ኋላ ቆሞ መስማቱ አይቀርም።

ጃንደረባው ከተጠመቀ በኋላ የጌታ መንፈስ ቅዱስ ፊልጶስን ነጠቀው፤ እርሱም በአዛጦን ተገኘ። ሹሙ መምህሩን ዳግመኛ አላየውም። ኢየሩሳሌም በኋላው ቀርታለች፤ የተጠመቀበት ውሃም በኋላው ቀርቷል፤ ፊት ለፊቱ ረጅም የበረሃ መንገድ አለ። እርሱ ግን ደስ እያለው መንገዱን ሄደ። በሠረገላው ላይ የቀረው ያ መጽሐፍ ነበር፤ ያነበበውም ክፍል ዛሬ የኢሳይያስ 53ኛ ምዕራፍ የሚባለው ነው። ከዚያው ጥቅልል ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ዛሬ 56ኛ ምዕራፍ በሚባለው ስፍራ፣ ሕጉ በደጅ ላቆማቸው ጃንደረቦች እግዚአብሔር በቤቱና በቅጥሩ ውስጥ ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ የማይጠፋ ስም እንደሚሰጣቸው ተጽፎ ይጠብቀው ነበር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።